የብስክሌቱ ማኬሌሌ

ከአዳሚ ቱሉ መንገድ ዳር እስከ ሚላኖ ፍሬም ሠሪዎች

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጣና ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ሰውዬው ጎል አያገባም፣ አብዶ አይሠራም፣ በስሙ ብዙ ማልያ አይሸጥም። ቢሄድ ምን ይጎድላል ተባለ። የጎደለው የታወቀው በኋላ ነው። እነ ዚዳን፣ ሮናልዶ፣ ፊጎና ቤካም በአንድ ላይ የተሰለፉበት ቡድን ቢሆንም ማድሪድ የላሊጋውን ዋንጫ እንደገና ያነሳው በ2007 ነበር። መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ሁሉንም የሚያያይዘው ሰው ሲወጣ ኮከቦቹ ተበታተኑ።

ብስክሌትም የራሱ ማኬሌሌ አለው። ሰው ብስክሌት ሲያይ ጎማውን ያያል፣ መሪውን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ቃጭሉን ይደውላል። እነዚህን ሁሉ አያይዞ የተሸከመውን ፍሬም ግን ማንም ልብ አይለውም። እስኪሰበር ድረስ! ፍሬም የተሰበረ ቀን ጎማው አዲስ ቢሆን፣ ካቴናው ዘይት ቢጠጣ ምን ዋጋ አለው? በቃ፣ ጨዋታው አልቋል።

ይሄ ነገር አዳሚ ቱሉ ላይ በደንብ ይገባል።

ቁልቋሉ ኮረብታ

አዳሚ ቱሉ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባቱን (ዝዋይን) አለፍ እንዳሉ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ ኦሮምኛ ነው፤ አዳሚ ቁልቋል፣ ቱሉ ደግሞ ኮረብታ ማለት ነው። የአዳማም ስም ከዚሁ ከቁልቋሉ የመጣ ነው ይባላል። በስም ኮረብታ ትባል እንጂ ዙሪያው የስምጥ ሸለቆ ወለል ነው። ግራር፣ ሜዳ፣ ንፋስ። በሰሜን የዝዋይ ሐይቅ፣ በደቡብ አብያታ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ።

እንዲህ ያለ ሜዳ ለብስክሌት የተፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከፒያሳ ወደ እንጦጦ በብስክሌት ልውጣ የሚል ሰው ጤንነቱ ይጠየቃል። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ባለው ሸለቆ ግን ብስክሌት ስፖርት ሳይሆን እግር ነው። ተማሪ ትምህርት ቤት ይሄድበታል፣ ሠራተኛ ሥራ ይገባበታል፣ ቢጫ ጄሪካን በግራና በቀኝ ታስሮ ውሃ ይመላለስበታል። ከኋላ ያለችው የብረት መጫኛ አንድ ጊዜ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጆንያ ትሸከማለች።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ጭነት የሚሸከመው ማነው? ጎማው እንዳትሉ። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታው ለጥፎ፣ ነፍቶ ይሰዳል። ጭነቱ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ፍሬሙ ላይ፣ ከፍሬሙም ደግሞ ቱቦና ቱቦ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ብረት ቱቦ መሀሉ ላይ ብዙም አይሰበርም። የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው አጠገብ ነው። የፍሬም ጥበብም ሆነ የፍሬም ጣጣ ያለው እዚያች ጣት በማታክል ቦታ ላይ ነው።

እጅጌ ያለው ብረት

አሁን አንድ የድሮ ጥቁር ብስክሌት በዓይነ ሕሊናችሁ አቁሙ። የቻይናው ፎኒክስ ወይም የሕንዱ ሂሮ ይሁን። ባለ 28 ጎማ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ። የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት መልክ የመጣው ከእንግሊዞቹ፣ ከእነ ራሌይ ነው። ከመሪው በታች ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ቱቦዎቹ እርስ በርሳቸው በቀጥታ አልተበየዱም። እያንዳንዱ ቱቦ ክንድ እጅጌ ውስጥ እንደሚገባ የብረት እጅጌ ውስጥ ገብቷል።

ይህች እጅጌ የብረት ፍሬም ዋናዋ ብልሃት ናት። ቱቦውና እጅጌው በመካከላቸው የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋሉ። ፍሬም ሠሪው መጋጠሚያውን በእሳት ያግላል። ከዚያ የናስ ዘንግ ያስነካዋል። ናሱ ይቀልጥና፣ ሻይ ውስጥ ጫፉ የተነከረ ስኳር ሻዩን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ ጠባቡ ክፍተት ናሱን ራሱ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የሚቀልጠው ናሱ ብቻ ነው፤ የቱቦው ብረት አይቀልጥም። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ያልቀለጠ ብረት ጥንካሬውን ብዙም ሳያጣ ይቀራል።

የናስ ብየዳ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ባለሙያው ቴርሞሜትር የለውም። ያለው ዓይኑ ነው። ብረቱ ከቀይ ወደ ብርቱካን ሲሄድ እሳቱን ያንቀሳቅሳል። ቢያሳንሰው ናሱ አፉ ላይ ይቀራል፣ ከውጭ ሲያዩት ያማረ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ቢያበዛው ደግሞ ቱቦው ይቃጠላል። ፔናልቲ እንደመምታት ነው፤ የመሬት ለመሬትም የሰማይ ለሰማይም ኳስ አያዋጣም።

በድሮዎቹ ምርጥ ፍሬሞች እጅጌዎቹ ላይ ልብ ወይም ጠብታ የሚመስል ቀዳዳ ይታያል። ብዙ ሰው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጌጥም ነው፤ ግን መስኮትም ነው። ፍሬም ሠሪው ናሱ ከዚህ ገብቶ እዚያ መድረሱን የሚያየው በዚያች ቀዳዳ ነው። የእጅጌው ጫፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይደለም፣ እንደ ጦር ሾሏል። ባለሙያው ጫፉን በሞረድ እየሳለ ያሳሳዋል። ለምን ቢባል፣ ወፍራም ብረት በድንገት አልቆ ቀጭን ብረት የሚጀምርበት ቦታ ጭነት ሁሉ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። መሰንጠቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው። የሾለው ጫፍ ጭነቱን ቀስ ብሎ ያስረክባል።

የማይታየው ውፍረት

ሁለተኛው ብልሃት ጨርሶ ለዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዟ በርሚንግሃም አልፍሬድ ሬይኖልድስ የሚባል ሰው ከባልደረባው ጋር አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከውጭ ሲታይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ ውስጡ ግን ጫፎቹ ላይ ወፍሮ መሀሉ ላይ የሳሳ ቱቦ ነበር። ጭነቱ የሚበዛው ጫፍ ላይ ከሆነ መሀሉን ማወፈር ለምን ያስፈልጋል? ኩባንያው በ1935 ያወጣው 531 የተባለው ቱቦ ለአሥርተ ዓመታት በእሽቅድድም ዓለም ስሙ የተጠራ ሆነ። ሚላኖ ውስጥ ደግሞ በ1919 የተመሠረተው ኮሎምበስ የጣሊያኖቹ መልስ ነበር።

የኮሎምበስ አንድ ዝነኛ ቱቦ ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሀሉ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ቅጥነት በጣት ጥፍር ይታወቃል። ቱቦውን መሀሉ ላይ ቢኮረኩሙት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ መጋጠሚያው እየተጠጉ ቢኮረኩሙት ድምፁ ይለወጣል። ጥሩ ፍሬም ያለው ሰው ጓደኞቹ ፊት ጥፍሩን የሚያስጮኸው ወዶ አይደለም!

የእነዚህን ቱቦዎች ልክ ያሳየው ቀን ጥቅምት 25 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከተማዋን የእኛ ሰው ያውቃታል። ከአራት ዓመት በፊት ማሞ ወልዴ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈባት፣ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ብስክሌተኛውን ብዙ አይገፋውም። መርክስ የተቀመጠባት ብስክሌት የተሠራችው ከሚላኖ አቅራቢያ ካምቢያጎ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ እጅ ነው። ክብደቷ ከ6 ኪሎ በታች ነበር። ክብደት ለመቀነስ ካቴናው ሳይቀር ተበስቷል። ፍሬሟ ግን ብረት ነበር፣ የተጋጠመውም በእሳት ነው።

ኮልናጎ ሥራ የጀመረው በልጅነቱ ፋብሪካ ውስጥ በበያጅነት ነው። የራሱን ትንሽ ወርክሾፕ የከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1983 ማስተር ብሎ ያወጣው ፍሬም ቱቦዎቹ ድቡልቡል መሆናቸው ቀርቶ እንደ ኮከብ የተሸነሸኑ ነበሩ። ቀጭን ላሜራ ሜዳውን ሲሆን ይታጠፋል፣ ሲሸነሸን ግን ይጠነክራል። የጣራ ቆርቆሮ የገዛ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ልዩነቱ ኮልናጎ በቱቦ ላይ ማድረጉ ነው።

እዚህም እዚያም የተደበቁ ብልሃቶች

በእጅ የተሠራ ፍሬም እንደ ጥሩ ኳስ ተጫዋች ነው። ደጋግመህ ስታየው ሌላ ነገር ታገኝበታለህ።

የኋላ ጎማ ከሚይዙት ቀጫጭን ቱቦዎች በቀኙ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የምስማር ራስ የምታክል ጉጥ ትኖራለች። ጎማው ሲፈታ ካቴናው መሬት ነክቶ አሸዋ እንዳይቅም የሚንጠለጠልባት ናት። ሌላ ጉጥ ደግሞ የንፋስ መሙያውን ትይዛለች። አንዳንዱ ፍሬም ላይ የቸርኬ ሽቦ ቢበጠስ መለወጫ የሚሆኑ ትርፍ ሽቦዎች የሚሰኩባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ቱቦው ውስጥ፣ መጋጠሚያው ጋ፣ ማንም የማያየው ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ቱቦ ሁለቱም ጫፉ ተደፍኖ ሲግል የታፈነው አየር መውጫ ካጣ ናሱን ወደ ውጭ ይገፋዋልና።

ከዚያ ደግሞ አቋም አለ። የእሽቅድድም ፍሬም የመቀመጫው ቱቦ ከመሬት ጋር 73 ዲግሪ ገደማ ይቆማል። ጥቁሩ የጭነት ብስክሌት ግን ወደ ኋላ ጋደም ያለ ነው፣ ርዝመቱም ይበልጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ጉድጓድ ሲያገኝ ድንጋጤውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያደርሰዋል። የፊት ሹካው ወደ ፊት መታጠፉም ለውበት ብቻ አይደለም፤ መሪው ቀለል ብሎ እንዲዞር ያግዛል፣ ንዝረትንም ይውጣል። ለአዳሚ ቱሉ የጎን መንገድ የትኛው እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም።

በልክ የሚሠራ ፍሬም ደግሞ ከልብስ ሰፊ አይለይም። ባለሙያው እግር ይለካል፣ ክንድ ይለካል፣ ትከሻ ያያል። ቱቦውን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ሱፍ ልብስ "ትንሽ ልቀቅልኝ" ማለት ግን የለም። አንዴ ከተቆረጠ ተቆርጧል።

ቋንቋው ቀርቷል፣ ጥበቡስ?

በአገራችን ብስክሌት ጠጋኝ አጠገብ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ጣሊያንኛ የሚማር ይመስለዋል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ... ጎሚስታ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ቀረ። ብስክሌቱም ቀረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር የሄዱት ብስክሌተኞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በቀጣዩ የሮም ኦሎምፒክም ተሰልፏል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ማለት ነው። በዚያ ዘመን የእሽቅድድም ብስክሌት ማለት የብረት ብስክሌት ማለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ተለውጧል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ የነገሠው ብረት ለአሉሚኒየም፣ ቀጥሎም ለካርቦን ቦታውን ለቀቀ። በ2016 እ.ኤ.አ. ፀጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በካርቦን ላይ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስም እንደዚያው። እውነቱ መነገር አለበት። ካርቦን ይቀላል፣ ለእሽቅድድም ይሻላል፣ ብረት ቱርን እንደገና ያሸንፋል ብሎ የሚወራረድ ካለ ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል።

ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ላይ የሚጋለበው ቱር ደ ፍራንስ አይደለም። ካርቦን ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው የሚሰበረው። ጥገናውም ልዩ ማጣበቂያ፣ ልዩ ጨርቅና ልዩ ባለሙያ ይጠይቃል። ብረት ግን ከመሰበሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ይናገራል። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነች መስመር ይሰነጠቃል። ከዚያ ዝገት ብቅ ይላል። ከዚያ ፔዳል ሲረገጥ "ቂጭ ቂጭ" ይላል። ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል፣ ወርዶም ያያል። ጭነት ጭኖ ከባቱ የሚመለስ ሰው ይህን ምልክት ማወቁና አለማወቁ የፊት ጥርሱን ሊያስከፍለው ይችላል።

ሰውዬው ብስክሌቱን ይዞ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል። ጉዳዩ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

በየከተማው ያለው የብየዳ ቤት በርና መስኮት የሚሠራ ነው። መሣሪያው የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። ለበር ሸጋ ነው። የጥቁሩ ብስክሌት ቱቦም ወፈር ስለሚል መሀሉ ላይ ቢሆን ሊችለው ይችላል። ባለ እጅጌው መጋጠሚያ ላይ ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ናስ አለ። ናስ ያለበትን ቦታ በኤሌክትሪክ ሲበይዱት ናሱ ይፈላል፣ ከቀለጠው ብረት ጋር ይቀላቀላል፣ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ከላይ ሲያዩት ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ይመስላል። ሳምንት ሳይሞላው አጠገቡ ይሰበራል። እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይሰበራል። መጨረሻ ላይ ፍሬሙ ለቁራሌው ይሸጣል። ጥፋቱ የብረቱ ይመስላል። ብረቱ ግን ምንም አላጠፋም።

ትክክለኛው መንገድ ያን ያህል ውድ አይደለም። በኦክስጅንና በአሴቲሊን እሳት የሚሠራ በያጅ፣ የናስ ዘንግ፣ ብረቱን የሚያጸዳ ቦራክስ። ቀለሙና ዝገቱ እስከ ነጭ ብረት ይፋቃል፣ ስንጥቁ ጫፉ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳበታል፣ መጋጠሚያው ዙሪያውን እኩል ይግላል፣ ከዚያ ናሱ ይገባል። ሲጨርሱ ውሃ መድፋት የለም፣ ራሱ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ይሄንን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው እጅ በአገራችን ሞልቷል። በበርና በመስኮት ላይ የተፈተነ እጅ ነው። የሚቀረው ናስ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ ማወቅ ነው። ይህንን በየቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ቢያስተምሩት ስንት ፍሬም ከቁራሌው ይድናል?

ሲባጎው

ጥገናው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ፍሬሙ ቀጥ ብሏል ወይስ ተጣሟል? የጣሊያን ፍሬም ሠሪ ይሄን የሚለካበት ትልቅ የብረት ጠረጴዛ አለው። ከጠረጴዛው በፊት የነበረው፣ ዛሬም የሚሠራው መለኪያ ግን ሲባጎ ነው።

ሲባጎው የኋላ ጎማው ዘንግ ከሚገባበት ከግራው ጫፍ ይታሰራል፣ ወደ ፊት ሄዶ የመሪውን ቱቦ ይዞራል፣ ተመልሶ በቀኝ በኩል ያለው ጫፍ ላይ ይወጠራል። ከዚያ ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራም በቀኝም ይለካል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ካልሆኑ ብስክሌቱ እጁን ለቀቅ ሲያደርጉት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ጎማ ይበላል፣ ጋላቢውንም ያደክማል።

ይህ መለኪያ ካምቢያጎም ቢሆን አዳሚ ቱሉ አንድ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ከውጭ አይመጣም፣ ከሱቅ በሳንቲም ይገዛል። ሲባጎው በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ መጫኛው ላይ ጄሪካኑ ይታሰራል፣ ካቴናው ዘይት ይቀባል፣ ሰውዬውም እግሩን አንስቶ ይሄዳል። ፍሬሙን እንደገና ማንም ልብ አይለውም። ማኬሌሌ ሜዳ ላይ ሲኖር እንደዚያው ነበር።